የደጋ ሞተር ከመፈታቱ በፊት ይመርመር

መግቢያ

በላስታ ደጋ በበጋ ወራት ድንች፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በመስኖ ለሚያለማ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሁሉም የከፋው አደጋ የውኃ መሳቢያው ሞተር በሰብሉ እኩሌታ ላይ ሥራ ማቆሙ ነው። ድንቹ ፍሬ መቋጠር፣ ሽንኩርቱም ራስ መያዝ በሚጀምርበት ጊዜ ውኃ ከተቋረጠበት፣ በኋላ ምንም ያህል ቢጠጣ የቀረበትን ሙሉ በሙሉ መልሶ አያገኝም። ሞተሩ የተገዛው በብድር ከሆነ ደግሞ ሰብሉ ቢደርቅም የብድሩ መክፈያ ቀን አይዘገይም። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚከተል ወሎ በ1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ አይቶታል። ስለሆነም ከዝናብ ውጪ አንድ ተጨማሪ ምርት ማግኘት ለዚህ አገር ገበሬ የትርፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የዋስትና ጉዳይ ነው።

በየመጋዘኑ ጥግ ተሸፍኖ የተቀመጠ፣ “ተበላሽቷል” የተባለ ሞተር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን የሚከተለው ነው፤ በደጋ አገር በደንብ አልሠራም ያለ ሞተር ሁሉ የተበላሸ ሞተር አይደለም። አንዳንዱ ከመጀመሪያው ለዚህ ከፍታ ሳይታሰብ የተገዛ ነው። ሌላው ደግሞ ንጹሕ ነዳጅና ንጹሕ አየር ያጣ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ካቻቢቴ ይዞ ሞተሩን መፍታት ጤነኛውን መሣሪያ በሽተኛ ማድረግ ነው። በመሆኑም የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሞተር ጉዳይ ሲገጥማቸው መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ መመርመር፣ መፍታትን ግን የመጨረሻ ማድረግ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ የምንናገርለት በአንድ ሲሊንደር የሚሠራው አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ነው። ይኸው ዓይነት ሞተር በሌላ አገር የሣር ማጨጃ መኪና ይነዳል፤ በእኛም ዘንድ ውኃ ይስባል፣ እህል ይወቃል። የተገጠመበት መሣሪያ ቢለያይም ሕመሙና መድኃኒቱ አንድ ነው። የናፍታ ሞተር የሚለይበትን በየቦታው እናመለክታለን።

ከፍታው በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ በየመታጠፊያው ትንፋሹን ለመሰብሰብ ይቆማል። ጭነት የያዘች በቅሎም ታርፋለች። በቅሎዋ ስለታመመች አይደለም፤ ዳገቱ ከባድ፣ አየሩም የሳሳ ስለሆነ ነው። ሞተርም እንደ በቅሎዋ አየር የሚተነፍስ ነገር ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

1ኛ/ ጉልበቱ ይቀንሳል። የአነስተኛ ሞተሮች መመሪያዎች እንደሚያስረዱት በየ300 ሜትሩ ጭማሪ ከፍታ ሞተሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በላሊበላ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል አጥቷል ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ “5.5 የፈረስ ጉልበት” ተብሎ የተጻፈው በቆላ አየር የተለካ በመሆኑ፣ እዚህ የሚገኘው 4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ማንም መካኒክ ሊጠግነው አይችልም።

2ኛ/ ነዳጁ ይበዛበታል። ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በቆላ ሲለምደው የኖረውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። አየሩ አንሶ ነዳጁ ሲበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚን ያለ ጥቅም ይባክናል፣ ጭነት ሲመጣበትም ይታፈናል። የናፍታ ሞተር ካርቡራተር ባይኖረውም በሳሳ አየር ከመጠን በላይ ሲጫን እርሱም ጥቁር ጭስ ያወጣል።

3ኛ/ ውኃው አይሳብም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ፓምፕ ውኃን ጎትቶ አያወጣም፤ ፓምፑ ውስጥ ያለው አየር ሲቀንስ ውኃውን ከታች ገፍቶ የሚያወጣው የውጭው አየር ክብደት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ክብደት ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ይችላል። በላሊበላ ከፍታ ግን 7.6 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ ወደ 7.1 ሜትር ይወርዳል። ከዚህም ላይ በቱቦው ውስጥ የሚባክነውና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ሲቀነስ በተግባር የሚገኘው 4 ወይም 5 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ “8 ሜትር ይስባል” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፓምፕ በላስታ ደጋ 8 ሜትር ከማይሞላ ጥልቀት እንኳ ቢያቅተው፣ ጥፋቱ የፓምፑም የሞተሩም አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ከዚህ በላይ የተገለጸውን የተረዳ የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ አንድ ማኅበር ሄዶ “ሞተሩ አልሠራ አለን” ሲባል መሣሪያ ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ “ባለፈው ዓመት በዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ቱቦ በደንብ ይሠራ ነበር ወይ?”

መልሱ “ከተገዛ ጀምሮ ደክሞ ነው የሚሠራው” ከሆነ ነገሩ የከፍታና የምርጫ ነው። ሞተሩ ለጭነቱ አንሷል፣ ወይም ካርቡራተሩ ለደጋ አልተስተካከለም፣ ወይም ፓምፑ ከውኃው እጅግ ርቆ ተቀምጧል። መልሱ “ባለፈው ዓመት ደህና ነበር፣ ዘንድሮ ነው የከፋው” ከሆነ ግን ከፍታው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ተራራው በአንድ ክረምት አላደገም። ያን ጊዜ ነዳጁን፣ አየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውንና ቱቦውን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፍተሻ ጭነቱን መቀነስ ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በመግፊያው በኩል ያለውን መክፈቻ ለጥቂት ጊዜ፣ ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ፣ በከፊል መዝጋት ነው። መክፈቻ ከሌለው ለስላሳውን መግፊያ ቱቦ አጠፍ አድርጎ መያዝ ይቻላል። በአነስተኛ የመስኖ ፓምፖች ዘንድ የሚገፋው ውኃ ሲቀንስ ጭነቱም ይቀንሳል። ጭነቱ ሲቀንስለት ሞተሩ ድምፁ ጠርቶ ፍጥነቱን ካገኘ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ጭነቱ ቀንሶለትም የሚንተፋተፍ ከሆነ ሕመሙ በራሱ ውስጥ ነው።

“ውኃው ድሮ ወደ ላይኛው እርከን ይደርስ ነበር፣ አሁን ግን ከመካከል ይቀራል” የሚል አቤቱታም አለ። ለዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሞተሩ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲቀንስ ፓምፑ ውኃ የሚገፋበት ከፍታ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዓይንም ለጆሮም የማይታወቅ ጥቂት ድካም የላይኛውን ማሳ ጨርሶ ውኃ ሊያሳጣው ይችላል። የላይኛው ማሳ ባለቤቶች ከታችኞቹ ጋር የሚጣሉት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠቡን ለማብረድ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ማጠብ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ወጪ ከሌለው ወጪ ወዳለው መሄድ ይገባዋል። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

ሀ/ አቀማመጥና ዘይት። በአሁኑ ጊዜ ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ የሞተር ዘይት ሲያንስ ብልጭታውን አቋርጦ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። በላስታ ተዳፋት ላይ ሞተሩ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መቆጣጠሪያው ዘይት እንዳለቀ ይቆጥራል፤ ሞተሩም አልነሣም ይላል፣ ወይም ከተነሣ በኋላ ይጠፋል። መፍትሔው በዶማ ደልዳላ መደብ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዘይቱን መለካት፤ ከጎደለ መሙላት፤ ከጠቆረ መለወጥ ነው።

ለ/ ነዳጅ። ቤንዚኑን ከማጠራቀሚያው ጥቂት በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ኬሮሲን የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማወቅ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ማድረግ ይቻላል። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ኬሮሲን ያለበት ግን ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀስ እያለ የሚጠፋ ከሆነ የማጠራቀሚያውን ክዳን ላላ አድርጎ እንደገና መሞከር ይገባል። በክዳኑ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን ነዳጁ አይወርድምና። በናፍታ ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጁ አልቆ ከተሞላ በኋላ አልነሣም ካለ፣ በመስመሩ ውስጥ የገባውን አየር በማስተንፈሻው ቡሎን ማስወጣት ያስፈልጋል።

ሐ/ የአየር ማጣሪያ ወይም ፊልትሮ። በመኸር ወቅት ከአውድማ የሚነሣው እብቅና አቧራ ፊልትሮውን በጥቂት ቀን ይደፍነዋል። ፊልትሮው የተደፈነበት ሞተር የሚያሳየው ምልክት ከፍታ ከሚያመጣው ምልክት ጋር አንድ ነው፤ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ። በደጋ አገር ሁለቱ ሲደራረቡ ሞተሩ ጨርሶ ይታፈናል። የስፖንጅ ፊልትሮ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ርሶ፣ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ፊልትሮ ግን አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ ይራገፋል፣ ካረጀም ይለወጣል። ያለ ፊልትሮ ሞተር ማሠራት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ለጊዜው ጉልበት ያገኘ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚገባው አቧራ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ወፍጮ ይፈጫቸዋል።

መ/ ካንዴላ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ሐኪም የበሽተኛን ምላስ እንደሚያይ ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል። ጥቁርና ዘይታማ ከሆነ ዘይት እያለፈ ነው፤ ይህም ከሰማያዊ ጭስ ጋር ከታየ የመካኒክ ሥራ ነው። ነጭ ሆኖ ከነደደ ነዳጅ አንሶታል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። የጥላሸቱ ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ሊመለስ ይችላል። ብልጭታ መኖሩን ለማየት ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዞ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር እያስነኩ የማስነሻውን ገመድ መሳብ ነው። ይህ ሲደረግ የፈሰሰ ቤንዚን በአካባቢው እንዳይኖርና የነዳጁ ክዳን የተዘጋ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ሠ/ ካርቡራተር። ሞተሩ ያለ ጭነት ሆኖ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ቾኩ ሳይዘጋ አልሠራም ካለ፣ የነዳጁ ማለፊያ ቀጭን ቀዳዳ ማለትም ጄቱ በከፊል ተደፍኗል ማለት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ነው። የበጋው መስኖ ሲያበቃ ቤንዚን በውስጡ እንዳለ ሞተሩ ይቀመጣል፤ ክረምቱን ሙሉ የቆየው ቤንዚን ይተንና ሙጫ መሰል ነገር ይተዋል። የሞተር አምራቾች ከ30 ቀን በላይ የቆየ ቤንዚን እንዳይጠቀሙበት ይመክራሉ። ጄቱ በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ይጸዳል፤ በሽቦ ወይም በመርፌ ከተጎረጎረ ግን ቀዳዳው ስለሚሰፋ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ሁልጊዜ ይበዛበታል።

ረ/ የውኃው ወገን። ሞተሩ ጥሩ እየሠራ ውኃ የማይወጣ ከሆነ ሞተሩን መንካት አያስፈልግም። ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት በውኃ መሞላቱን፣ የመሳቢያው ቱቦ መገጣጠሚያ አየር አለማስገባቱን፣ በቱቦው ጫፍ ያለው ማጣሪያ በቅጠል አለመዘጋቱንና ፓምፑ ከውኃው ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠ መለካት ይበቃል። ፓምፑ ያለ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ የዘንጉ መከላከያ ማኅተም ይቃጠላል። ለቁጥጥር እንዲመች ተብሎ ፓምፑን ከገደሉ አፋፍ ላይ ማስቀመጥ ውኃውን ያሳጣል፤ ወደ ውኃው አውርዶ ማስቀመጥና በመግፊያው በኩል ቱቦ ማስረዘም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩ አልነሣም ካለ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብሎ በመሳብ ተቃውሞ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ገመዱ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሳብ ከሆነ ቫልቩ ወይም ፋሻው አልያዘም ማለት ነው። ሞተሩ ወደ መካኒክ መላክ ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

ለደጋ የተስተካከለ ካርቡራተር

ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ለሚሠሩ ሞተሮች ብዙ አምራቾች አነስ ያለ ቀዳዳ ያለው ጄት ያዘጋጃሉ። ይህ ሲገጠም የጠፋው ጉልበት ሁሉ አይመለስም፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ይቆጠባል፣ ካንዴላው ይጠራል፣ ሞተሩም በአየሩ ልክ ሊሰጥ የሚችለውን ይሰጣል። ዋጋው ከባከነው ነዳጅ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለላስታ ደጋ የተስተካከለ ሞተር በውሰት ወይም በኪራይ ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ ራያ ቆቦ ሜዳ ወርዶ እንዲሠራ ከተደረገ፣ በዚያ ያለው አየር ወፈር ስለሚል ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩም ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ጄቱ የተለወጠለት ሞተር በአካሉ ላይ በቀለም “የደጋ” ተብሎ ሊጻፍበት ይገባል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

“እኛ መካኒክ የለንም፤ ይህን ሁሉ ማን ያደርገዋል?” የሚሉ ይኖራሉ። ከላይ ከተዘረዘሩት ፍተሻዎች አብዛኞቹ መካኒክ የሚያስፈልጋቸው አይደሉም። የሚያስፈልጋቸው የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጠርሙስና ሳሙና ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ነው። ሁሉም የሚያስነሣው፣ ማንም የማይጠብቀው ሞተር ዕድሜ የለውም። ማኅበሩ ከአባላቱ አንድ ትጉህ ወጣት፣ ወንድም ትሁን ሴት ሳይባል፣ መርጦ ማሠልጠንና ለድካሙ ተመጣጣኝ ክፍያ መስጠት አለበት። ያለ ክፍያ የተሰጠ ኃላፊነት ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም።

“የሞተር ነገር ይቅርብን፤ ወንዝ ጠልፈን በቦይ እናጠጣ” የሚሉም አሉ። እነዚህ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ውኃው ከማሳው በላይ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ጠለፋና ቦይ ከሞተር ይበልጣሉ፤ ነዳጅ አይጠይቁም፣ ካንዴላ አይለውጡም። ሞተር የሚገዛው ውኃው ከማሳው በታች ለሆነበት ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው “ሞተር ዘመናዊ ነው” ብሎ ማባበል የለበትም።

“በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ይሻላል” የሚለው አስተያየትም ጠቃሚ ነው። የፀሐይ ፓምፕ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። ይሁን እንጂ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ከሆነ የ7.6 ሜትሩ ወሰን እርሱንም ያስረዋል፤ ይህን ወሰን የሚያልፈው ውኃው ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋው ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር ያለ ጥናት የገዛ ማኅበር የፀሐይ ፓምፕም ያለ ጥናት ከገዛ ያው ስሕተት ይደገማል።

የግዥ ኮሚቴው ኃላፊነት

በእኛ አስተያየት የሞተሩ ሕይወት የሚወሰነው በማሳው ዳር ሳይሆን በግዥው ቀን ነው። በሌላ ወረዳ፣ በሌላ ከፍታ የሠራን ሞተር ስሙን ብቻ ሰምቶ ያንኑ መግዛት ትልቅ ጉዳት አለው። የግዥ ኮሚቴው ወደ ነጋዴው ከመሄዱ በፊት የሚከተሉትን ጽፎ መያዝ አለበት፦

1. ሞተሩ የሚሠራበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው?
2. ውኃው በበጋ መጨረሻ ዝቅ ሲል ከፓምፑ በታች ስንት ሜትር ይርቃል? ከ4 ሜትር በላይ ከሆነ ፓምፑ ወደ ውኃው መውረድ አለበት።
3. የላይኛው ማሳ ከፓምፑ በላይ ስንት ሜትር ነው? ቱቦውስ ምን ያህል ይረዝማል?
4. ከሻጩ ጋር የደጋ ጄት፣ ሁለት ትርፍ ካንዴላ፣ አንድ ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድና የፓምፑ ማኅተም አብረው ይመጣሉ ወይ?
5. ሻጩ ሞተሩን በማሳው ዳር አንድ ሰዓት ሙሉ አሠርቶ ያስረክባል ወይ?

የነዚህ መልስ ከታወቀ በኋላ በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩቡን ቀንሶ ማስላት ነው። የቀረው ጉልበት የማይበቃ ከሆነ ከፍ ያለ ሞተር መግዛት፣ ወይም በዚያው ሞተር አነስ ያለ ፓምፕ ማሠራት ይሻላል። የሦስት ኢንች ፓምፕ ተጭኖበት ከሚታፈን ሞተር ይልቅ የሁለት ኢንች ፓምፕ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሞተር ብዙ መሬት ያጠጣል።

አንድ ደብተር

የመጨረሻው ምክራችን ርካሹ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይከፈትለት። ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፣ የፈጀው ነዳጅ በሊትር፣ ዘይት የተለወጠበትና ፊልትሮ የታጠበበት ቀን ይጻፍበት። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ዘይቱ ይለወጣል። ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጸዳል። በሰዓት የሚፈጀው ነዳጅ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ሞተሩ ገና ሳይቆም ሕመሙን እየተናገረ ነው፤ አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት ለዚህ ነው። የመስኖው ወቅት ሲያበቃ ደግሞ ነዳጁ ከማጠራቀሚያውም ከካርቡራተሩም ተንጠፍጥፎ ይውጣ፣ ይህም በደብተሩ ይፈረምበት። ይህ አንድ ተግባር ብቻ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሞተሩ “አልነሣም” የሚልበትን ምክንያት በብዙ ይቀንሰዋል።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ “ሞተሩን ማን አበላሸው?” የሚለው ክርክር ሲነሣ መልሱ በሐሜት ሳይሆን በጽሑፍ ይገኛል። ለሚቀጥለውም ግዥ ለዚያ ቦታ የሚስማማው የቱ እንደሆነ የሚያስረዳው የራሱ የማኅበሩ መዝገብ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተገለጸው በላስታ ደጋ የአነስተኛ ሞተር ችግር በከፊል የተፈጥሮ፣ በአመዛኙ ግን የአያያዝና የምርጫ ነው። ከፍታውን መለወጥ አይቻልም፤ ከፍታውን አስቦ መግዛት ግን ይቻላል። የቤንዚንን ዋጋ ማኅበሩ አይወስንም፤ በጥቁር ጭስ ሆኖ እንዳይወጣ መከላከል ግን በእጁ ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በሥራ ክልሉ በሚገኙ ማኅበራት ዘንድ “ተበላሽቷል” ተብሎ የተቀመጠ ሞተር ካለ በሚቀጥለው ጉብኝቱ መዝግቦ፣ ከላይ በተሰጠው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እንዲፈትሸው እናሳስባለን። ፍተሻው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከተፈተሹት መካከል አንዱ እንኳ ካንዴላው ተጠርጎ፣ ፊልትሮው ታጥቦ፣ በደልዳላ መደብ ላይ ተቀምጦ ቢነሣ፣ በዚያ በጋ የአንድ ማኅበር ድንች ውኃ አገኘ ማለት ነው።